ከቁጥሩ በስተጀርባ፤ የዴኒስ ሪቺ ሕይወትና ሥራ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በወላይታ ሶዶ ከተማ ዛሬ ከነጋዴው ኪስ እስከ ባንኩ መስኮት ድረስ ኮምፒዩተር ያልደረሰበት ሥፍራ ጥቂት ነው። ተማሪው በእጁ የያዘው አንድሮይድ ስልክና በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚሠራው የሊኑክስ ማሽን በመልክም በአገልግሎትም ይለያያሉ። ሆኖም በሁለቱም ውስጥ ያለው መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ማለትም ከርነሉ፣ በአብዛኛው የተጻፈው በአንድ ቋንቋ ነው፤ እርሱም ሲ ይባላል። የቋንቋው ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ ካረፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ በሙያ ባልደረቦቻችን ዘንድ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ፕሮግራም ጸሐፊው መሣሪያን በማኅደረ ትውስታ አድራሻ በኩል በቀጥታ እንዲያዝ ማስቻሉ፣ ይህንኑም ሥልጣን በሥርዓት ማጠሩ፣ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሰውየውን ሕይወት በዚህ በኩል መመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዴኒስ ሪቺ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1941 በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት ብሮንክስቪል በምትባል ሥፍራ ተወለደ፤ ያደገው ግን በኒው ጀርሲ ግዛት በሰሚት ከተማ ነው። አባቱ አሊስቴር ሪቺ በቤል ላቦራቶሪዎች ለረጅም ዘመን ያገለገለና ስለ መቀያየሪያ ሰርኪዩቶች አነዳደፍ ከባልደረቦቹ ጋር በ1951 መጽሐፍ ያሳተመ ባለሙያ ነበር። ልጁ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1963 በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪውን ካገኘ በኋላ እዚያው የተግባር ሒሳብ ማጥናት ቀጠለ። ለዶክትሬት የሚያበቃውን ጥናት በ1968 ጽፎ ቢጨርስም፣ የተጠረዘውን ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ሳያስረክብ ስለ ቀረ ማዕረጉን ሳይቀበል ኖረ። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1967፣ አባቱ በሚሠራበት በቤል ላቦራቶሪዎች ተቀጥሮ ነበር።

በዚያን ጊዜ ላቦራቶሪው ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር በመተባበር መልቲክስ የተባለ ታላቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት ይደክም ነበር። ሥራው ስለ ዘገየና ወጪውም ስለ በዛ በ1969 ከትብብሩ ወጣ። በዚያው ዓመት የሪቺ ባልደረባ ኬን ቶምፕሰን ፒዲፒ 7 በሚባል፣ በጊዜው እንኳ ባረጀ ትንሽ ማሽን ላይ፣ በኋላ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ጀመረ፤ ሪቺም ከመጀመሪያው አንሥቶ የሥራው ተካፋይ ሆነ። በ1970 ደግሞ የጽሑፍ ማዘጋጃ ሥርዓት እንሠራለን ብለው ለአለቆቻቸው በማመልከት ፒዲፒ 11 የተባለውን አዲስ ማሽን አስገዙ። የታሪካችን ዋና ክፍል የሚጀምረው ከዚህ ማሽን ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ማሽኖች መረጃ ለማስገባትና ለማስወጣት የተለዩ ትእዛዞች ነበሯቸው። የፒዲፒ 11 ነዳፊዎች እነዚህን ትእዛዞች አስቀሩ። በምትካቸው ፕሮሰሰሩን፣ ማኅደረ ትውስታውንና መሣሪያዎቹን ዩኒባስ በተባለ አንድ የጋራ መሥመር ላይ አገናኙ፤ ከአድራሻዎቹም መካከል የመጨረሻዎቹን 8,192 ባይቶች ለመሣሪያዎች ለይተው አስቀመጡ።

ይህን አሠራር በሀገራችን የፖስታ ልማድ መመልከት ይቻላል። በሀገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚላከው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚጽፍ ሰው 138 የሚለውን ቁጥርና የከተማውን ስም ካሰፈረ ይበቃዋል። ሣጥኖቹ በአንድ ግድግዳ ላይ የተደረደሩ፣ በመልክም አንድ ዓይነት ናቸው። ይሁን እንጂ አንዱ ሣጥን ደብዳቤውን ዝም ብሎ ሲያስቀምጥ፣ ከሌላው በስተጀርባ ደብዳቤው እንደ ደረሰው ሥራ የሚጀምር መሥሪያ ቤት ይኖራል። በፒዲፒ 11 ዘንድም እንዲሁ ነው። ከ0 እስከ 7 ባሉት አኃዞች ብቻ በሚጻፈው አቆጣጠር፣ 177560 የኦፕሬተሩ ተርሚናል የሁኔታ ሬጅስተር አድራሻ ነው፤ በ177562 የተመታው ፊደል ይነበባል፤ 177564 ማተሚያው ዝግጁ መሆን አለመሆኑን ይናገራል፤ በ177566 የሚታተመው ፊደል ይጻፋል። ወደዚህ ወደ መጨረሻው አድራሻ አንድ ባይት የላከ ፕሮግራም በማኅደረ ትውስታ ያስቀመጠው ነገር የለም፤ በወረቀት ላይ ፊደል አስመታ እንጂ።

ዲስክን በመሰለ ፈጣን መሣሪያ ዘንድ ደግሞ ነገሩ አንድ እርምጃ ይርቃል። በሶዶ ገበያ ዝንጅብል በጆንያ የሚያስራግፍ ነጋዴ እያንዳንዱን ጆንያ ራሱ አይሸከምም፤ ለጫኝና አውራጁ የጆንያውን ብዛትና የሚቀመጥበትን መጋዘን ነግሮ ወደ ሌላ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ሲያበቁም ይጠሩታል። በፒዲፒ 11 ላይ አርኬ 11 የተባለው የዲስክ ተቆጣጣሪ በዚህ አኳኋን ይሠራ ነበር። ፕሮግራሙ በአንድ ሬጅስተር ላይ የቃላቱን ብዛት፣ በሌላው ላይ የማኅደረ ትውስታውን አድራሻ፣ በሦስተኛው የዲስኩን ሥፍራ ከጻፈ በኋላ ጀምር የሚለውን ቢት ያበራል። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪው ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር መረጃውን በዩኒባስ በኩል ራሱ ያመላልሳል፤ ሲጨርስም በኢንተራፕት ያስታውቃል። ዛሬ ዲኤምኤ የምንለው ይኸው ነው። ነጋዴው መጋዘኑን አሳስቶ የተናገረ እንደ ሆነ ጆንያው በሌላ ሰው ንብረት ላይ እንደሚከመር ሁሉ፣ የተሳሳተ አድራሻ የተሰጠው ተቆጣጣሪም የዲስኩን መረጃ በሌላ ፕሮግራም ላይ ያፈስሰዋል፤ የሚያስቆመውም የለም።

በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሥራ በአሰምብሊ ቋንቋ ካልሆነ በቀር መጻፍ አይቻልም የሚለው አስተሳሰብ የጸና ነበር። ቶምፕሰን ቢ የተባለ ቋንቋ ቢያበጅም፣ ቢ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ፣ ማለትም የማሽኑን ቃል ነበር፤ ፒዲፒ 11 ግን በባይት የሚቆጥር ማሽን በመሆኑ ቋንቋውና ማሽኑ አልተስማሙም። ሪቺ ከ1971 ጀምሮ ቢን እያሻሻለ ዓይነቶችን ጨመረበት፤ ይህም ሲ ሆነ። ቶምፕሰን በ1972 ከርነሉን በአዲሱ ቋንቋ ለመጻፍ ሞክሮ ተወው፤ ቋንቋው የተለያዩ መረጃዎችን በአንድ ስም የሚያስተሳስር መዋቅር ገና አልነበረውምና። ሪቺ መዋቅሩን ከጨመረ በኋላ በ1973 በጋ ከርነሉ በሲ ተጽፎ አለቀ።

ፖይንተር የሚባለው ጠቋሚና ይህ መዋቅር ሲገናኙ የመሣሪያው በር ተከፈተ። የመሣሪያው ሬጅስተሮች በተከታታይ አድራሻዎች ላይ ስለሚገኙ፣ ጸሐፊው ቅደም ተከተላቸውን በመዋቅር ይገልጽና ያን መዋቅር በአንድ ቁጥር ላይ ያሳርፈዋል። በ1975 በወጣው በስድስተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ የተርሚናሉና የዲስኩ ፕሮግራሞች የተጻፉት እንዲህ ነው። የዚያ ዘመን ሲ አንድ ተራ ቁጥር ወስዶ እንደ አድራሻ መጠቀምን ያለ ክርክር ይፈቅድ ነበር። ቋንቋው ከቁጥሩ በስተጀርባ ማኅደረ ትውስታ ይኑር መሣሪያ አይጠይቅም፤ ያንን ማወቅ የጸሐፊው ፋንታ ነው።

እንዲህ ያለው እምነት የሚያስከፍለውን ዋጋ ሪቺና ባልደረቦቹ አስቀድመው ቀምሰውት ነበር። የመጀመሪያው ፒዲፒ 11 ማሽናቸው፣ ፒዲፒ 11/20፣ 24 ሺህ ባይት ያህል ማኅደረ ትውስታ ብቻ ነበረው፤ አንዱን ፕሮግራም ከሌላው የሚጠብቅ መከላከያም አልነበረውም። በ1971 የላቦራቶሪው የፓተንት ክፍል ጸሐፊዎች ማመልከቻዎቻቸውን በዚሁ ማሽን ላይ ይጽፉ ስለ ነበር፣ አዲስ ፕሮግራም መሞከር ጥንቃቄም ድፍረትም ይጠይቅ ነበር። አንድ የተሳሳተ አድራሻ የሰዎቹን የቀን ድካም ሊያጠፋው ይችል ነበርና።

መፍትሔው የመጣው የማኅደረ ትውስታ አስተዳደር ካለው ከፒዲፒ 11/45 ጋር ነው። በዚህ ማሽን ፕሮግራሙ የሚያየው አድራሻ እያንዳንዳቸው 8,192 ባይት ወደሆኑ ስምንት ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፍል ወደ እውነተኛው ሥፍራ የሚመራው በሠንጠረዥ ነው። ዩኒክስ ሲነሣ የከርነሉን ስምንተኛ ክፍል ወደ መሣሪያዎቹ ገጽ ይመራዋል፤ የተጠቃሚዎቹ ሠንጠረዦች ግን ይህን ገጽ አያውቁትም። ስለዚህ 177560 የሚለው ቁጥር በከርነሉ ውስጥ ተርሚናሉን ሲያመለክት፣ በተጠቃሚው ፕሮግራም ውስጥ የራሱን ስታክ ብቻ ያመለክታል። 138 የተባለው ሣጥን በሶዶ አንድ ባለቤት፣ በሌላ ከተማ ሌላ ባለቤት እንደሚኖረው ማለት ነው። መከላከያው የተሠራው ቁጥሩን በመደበቅ ሳይሆን ካርታውን ለባለቤቱ ብቻ በመስጠት ነው።

ተጠቃሚው ግን ከመሣሪያዎቹ ጨርሶ አልተገለለም። በዩኒክስ መሣሪያ ሁሉ እንደ ፋይል ስም ተሰጥቶት፣ ይከፈታል፣ ይነበባል፣ ይጻፍበታል፤ ማኅደረ ትውስታው ራሱ ሳይቀር በፋይል መልክ ይገኝ ነበር። ፋይል ከሆነ ደግሞ ባለቤትና ፈቃድ አለው። ሪቺ በዚህ ላይ ሌላ ብልሃት ጨመረ። አንድ ፕሮግራም በሚሠራበት ጊዜ የአስነሺውን ሳይሆን የባለቤቱን ሥልጣን እንዲይዝ የሚያደርግ አንድ ቢት አስገባ። በዚህ ዘዴ ተራው ተጠቃሚ የተከለከለውን ፋይል ራሱ ሳይከፍት፣ በታመነ ፕሮግራም በኩል የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ያገኛል። ለዚህ ፈጠራ በ1979 ቁጥሩ 4,135,240 የሆነ ፓተንት ተሰጠው፤ በኋላም ለሕዝብ ጥቅም ተለቀቀ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ትውልዶች በዚሁ መሠረት ላይ ገነቡ። በ1989 የጸናው የአሜሪካ የሲ ደረጃ ቮላታይል የተባለውን ቃል አጸደቀ፤ ኮምፓይለሮች ብልህ እየሆኑ ሲሄዱ፣ በራሱ የሚለዋወጠውን የመሣሪያ ሬጅስተር አንዴ አንብበው ደግመው ላለማንበብ ይወስኑ ነበርና። የበርክሌይ ዩኒክስ ሰዎች በ1983 በመመሪያቸው የገለጹትና በኋላ በተግባር የዋለው ኤምማፕ የተባለው ጥሪ፣ ከርነሉ ሲፈቅድ የመሣሪያን ገጽ በተጠቃሚው ካርታ ላይ ለማስፈር አስቻለ። በዛሬዎቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች ዘንድ ግን የበላይ ተጠቃሚው እንኳ በጥንቱ የማኅደረ ትውስታ ፋይል በኩል ተራውን ማኅደረ ትውስታ እንዳይነካ ብዙውን ጊዜ ይከለከላል። ዲኤምኤ የሚያደርጉ መሣሪያዎችም አይኦኤምኤምዩ በሚባለው ክፍል አማካይነት የራሳቸው ካርታ እንዲኖራቸው ተደርጓል። ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት ለፕሮግራም የተሠራው አጥር አሁን ለመሣሪያውም ተሠራለት ማለት ነው።

ሪቺ ከብራያን ከርኒሃን ጋር የጻፈው የሲ መጽሐፍ በ1978 ታተመ፤ ከቶምፕሰን ጋር በ1983 የቱሪንግ ሽልማትን፣ በ1999 የአሜሪካን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳልያ፣ በ2011 የጃፓን ሽልማትን ተቀበለ። በ2007 ጡረታ ወጣ። ኦክቶበር 12 ቀን 2011 ብቻውን ይኖርበት በነበረው በበርክሌይ ሃይትስ ቤቱ ሞቶ ተገኘ፤ ዕድሜውም 70 ዓመት ነበር። ከአንድ ሳምንት በፊት ስቲቭ ጆብስ ሞቶ ስለ ነበር የዓለም ጋዜጦች በዚያ ተይዘው፣ የሪቺ ሞት በአብዛኛው በሙያው ሰዎች መካከል ተነግሮ አለፈ።

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በዚህች ከተማ ሙያችንን የሚማር ወጣት እየበዛ ሄዷል። አንድ ተማሪ በትንሽ ማይክሮኮንትሮለር ላይ አምፑል ሲያበራ፣ ሪቺ በፒዲፒ 11 ላይ ያደርገው የነበረውን ማድረጉ ነው፤ በአንድ አድራሻ ላይ አንድ ቢት ይጽፋል። የሚበዛው ጊዜ ቁጥሩን ከምሳሌ ገልብጦ ስለሚያልፍ አምፑሉ ሳይበራ ሲቀር የሚጠይቀው ያጣል። ስለዚህ እኛ የምናስተምርና የምንሠራ ባልደረቦች ከቁጥሩ ጋር ሦስት ጥያቄዎችን ልናስለምደው ይገባል፤ ይህ አድራሻ በማን ካርታ ላይ ነው? ከእኔ በቀር ወደ እርሱ የሚጽፍ ማን አለ? እኔ ሳልነካው ሊለወጥ ይችላል ወይ? እነዚህን መመለስ የቻለ ሰው የማያውቀው ማሽን ፊት ቢቀርብም አይደናገርም፤ የሌላውንም ሥራ ሳያበላሽ የራሱን ይሠራል።