ዋሻ ለዋሻ የዞሩት ቄስ፦ አባ ኦንሪ ብረይ (1877–1961)



ባለፈው መሰባሰቢያችን የባቻችን ልጆች ጠዋቱን የካ ዋሻ ሚካኤል ወጥተን ነበር። ዳገቱን ስንጨርስ ግማሾቻችን የምንቆጥረው የታማሚ ሳይሆን የራሳችንን የልብ ምት ነበር። ከአለት የተፈለፈለውን ግድግዳና ዓምድ ዞረን ስናይ፣ አንድ ጓደኛችን ይሄ የእኛ ሰው ሥራ እንደማይመስለው፣ ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሳይኖርበት እንደማይቀር ተናገረ። የሳቀ አለ፣ የተቆጣም አለ። ማስረጃ ግን ማናችንም አልነበረንም። ስንወርድ አንድ ፈረንሳዊ ቄስ ትዝ አሉኝ። በዘመናቸው በዋሻ ሥዕል ጥናት የእሳቸውን ያህል የተከበረ ዓይን አልነበረም፤ እሳቸውም ግን ልክ እንደ ጓደኛችን ተሳስተዋል። ስለዚህ ታሪካቸውን ለዚህ መጽሔት ልጻፈው አልኩ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አባ ኦንሪ ብረይ በ1877 በፈረንሳይ ኖርማንዲ ተወለዱ። አባታቸው ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። እሳቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሕግ ይልቅ የነፍሳትና የእንስሳት ነገር ነበር የሚስባቸው። ፓሪስ የሴንት ሱልፒስ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ያስተማሯቸው ካህን በጥንታዊው ሰው ታሪክ ገና ብዙ ሥራ እንዳለ አመለከቷቸው። በ1900 ክህነት ተቀበሉ። ደብር ከማገልገል ይልቅ ለምርምር እንዲሰማሩ ተፈቀደላቸው፤ እስከ ሞታቸውም ቄስ እንደሆኑ ቆዩ።

ዕድላቸው የተከፈተው በሴፕቴምበር 1901 ነው። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በጥቂት ቀናት ልዩነት ሌ ኮምባሬልና ፎን ደ ጎም የተባሉ ሁለት ዋሻዎችን አገኙ፤ በግድግዳቸው ላይ የማሞት፣ የጎሽና የፈረስ ምስል ነበረባቸው። ይህ ግኝት የቆየ በደልንም ለማረም ረዳ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1879 አንድ ስፔናዊ ባላባት ከትንሽ ልጃቸው ጋር አልታሚራ ዋሻ ገብተው በጣሪያው ላይ የተሣሉ ጎሾች አግኝተው ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት ግን የድንጋይ ዘመን ሰው እንዲህ ሊሥል አይችልም ብለው አላመኗቸውም፤ ሰውየው ስማቸው ሳይጠራ በ1888 ሞቱ። ከተቃዋሚዎቹ ዋናው ካርታያክ በ1902 መሳሳታቸውን በጽሑፍ አመኑ፤ ወጣቱን አባ ብረይን ይዘውም ወደ አልታሚራ ሄዱ። አባ ብረይ በጀርባቸው ተኝተው፣ በደካማ መብራት ጣሪያውን ገለበጡ። በእርጥበቱ የተነሳ የውሃ ቀለም አልደርቅ ስላለ በፓስቴል ነበር የሠሩት።

ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው ዋሻ ለዋሻ ሆነ። ፎቶግራፍ ጨለማ ውስጥ ብዙ በማያግዝበት በዚያ ዘመን፣ እጃቸው ለዓለም ሊቃውንት ካሜራ ነበር ማለት ይቻላል። በ1910 ፓሪስ በተቋቋመው የሰው ጥንታዊ ታሪክ ተቋም መምህር፣ በ1929 ደግሞ በኮሌዥ ደ ፍራንስ የመጀመሪያው የቅድመ ታሪክ ፕሮፌሰር ሆኑ።

አገራችንም መጥተዋል። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ገደል ላይ የጃርት ዋሻ የሚባል አለ፤ ፈረንሳዮቹ ፖርክ ኤፒክ ይሉታል። ዋሻውን በ1929 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ሌላው ቄስና የሥነ ምድር ሊቅ፣ የአባ ብረይ ወዳጅ ቴያር ደ ሻርዳን ከጸሐፊው ኦንሪ ደ ሞንፍሬድ ጋር ነው። በ1933 አባ ብረይና ፖል ቬርነርት ቆፈሩት፤ ከድንጋይ መሣሪያዎቹ ጋር የሰው የታችኛው መንጋጋ ስባሪ ወጣ። አባ ብረይ የዋሻውንና የአካባቢውን ሥዕሎች ገልብጠው በ1934 አሳተሙ። ከእሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ከዚሁ ዋሻ 40 ኪሎ ያህል የቀለም ድንጋይ መዝግበዋል፤ ዕድሜው ወደ 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። የእኛ ሰው ቀለም መፍጨት የጀመረው ትናንት አይደለም ማለት ነው።

በሴፕቴምበር 1940 አራት ወጣቶች ላስኮ ዋሻን ሲያገኙ፣ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደርሰው ሥዕሉ እውነተኛ መሆኑን የመሰከሩት እሳቸው ነበሩ። ጦርነቱ ሲከፋ ግን በፖርቱጋል በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ።

ስህተታቸውም እዚያው አካባቢ ነው። ዛሬ ናሚቢያ በምንላት አገር፣ በብራንድበርግ ተራራ አንድ ነጣ ያለ የሰው ምስል አለ። አባ ብረይ ግልባጩን በ1929 አይተው፣ ይህች ከሜድትራንያን ባሕር፣ ከቀርጤስ ወገን የመጣች ነጭ ሴት ናት ብለው ደመደሙ። ቦታው ድረስ የሄዱት በ1947 ነው። በ18 ዓመት ውስጥ ሐሳቡ ሥር ሰዶ ኖሮ፣ ሥዕሉ ፊት ቆመውም ያዩት ያንኑ ሆነ። በ1955 ነጯ እመቤት በሚል ስም መጽሐፍ አወጡ። ኋላ የመጡ አጥኚዎች ግን ምስሉ የወንድ እንደሆነ፣ ንጣቱም ገላ ላይ የተቀባ ቀለም ሊሆን እንደሚችል፣ ሥራው የአካባቢው አዳኝ ሕዝብ የሳን አባቶች እንደሆነ አሳዩ። በአልታሚራ የተካደውን ሰው ወገን ይዘው ሥራ የጀመሩ ሰው፣ በመጨረሻ እሳቸውም የሌላውን እጅ ካዱ። በ1961 እስኪሞቱም ሐሳባቸውን አልለወጡም።

እዚህ ላይ በሰው መፍረድ ይከብደኛል። ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ ሆስፒታል፣ የአንዲት እናት ራጅ ብቻ ደርሶኝ ሳንባቸው ዙሪያ ውሃ አየሁና ቲቢ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሲመጡም ሳንባቸውን ብቻ አዳመጥኩ። እግራቸው ማበጡን ያሳየችኝ ነርሷ ነች፤ በሽታው ለካ የልብ ነበር። እማማ ዳኑ፣ ተመስገን። እኔ ግን ዓይኔ እያየ እንዳላየሁ አልረሳውም። አባ ብረይ ግልባጩን፣ እኔ ራጁን ነው ቀድመን ያየነው።

ታዲያ በኛ አገር ትክክለኛውን መንገድ ያሳዩ ሌላ ቄስ ነበሩ። በ1966 እዚሁ ስድስት ኪሎ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛውን ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ሲያስተናግድ፣ የትግራዩ ካቶሊካዊ ካህን አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ የ123 ከአለት የተፈለፈሉ የትግራይ አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር አቀረቡ። ከእነዚህ ውስጥ የውጭ ሊቃውንት አስቀድመው የሚያውቁት ጥቂቱን ብቻ ነበር። ብዙዎቹ ግን ቅዳሴ የማይቋረጥባቸው፣ የአካባቢው ሰው ከነስማቸው የሚያውቃቸው ናቸው። አባ ተወልደ መድኅን መጀመሪያ የቆጠሩት ያለውን ነው፤ ከየት መጣ የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለጓደኛችን ያልመለስኩለት ይህንን ነው። ለሚቀጥለው መሰባሰቢያ የካ ስንወጣ፣ ከታሪክና ከአርኪኦሎጂ ክፍል አንድ ሁለት መምህራን አብረውን ቢወጡ ደስ ይለናል። ዳገቱ ላይ ለሚደክም ሐኪም እንደማይጠፋ ቃል እንገባለን።