ሦስቴ ወድቆ የተነሣው ሃርቪ ሚልክ

ሾን ፔን ኦስካር የተሸለመበትንና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን «ሚልክ» የተሰኘ ፊልም ያያችሁ የሰውየውን ታሪክ በከፊል ታውቁታላችሁ። ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት አንባቢ የየራሱ አቋም እንዳለው አልስትም። ሕግ እንደተማረ ሰው እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ፊልሙ በጥቂት መስመር የሚያልፈው የፍርዱ ጉዳይ ነው።

ሃርቪ ሚልክ እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በባሕር ኃይል አገለገለ፣ አስተማረ፣ በዎል ስትሪትም ሠራ። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን ለብዙ ዓመታት ሰውሮ ኖረ። በ1972 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛውሮ በማግሥቱ ዓመት በካስትሮ መንገድ የካሜራ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ብዙም ሳይቆይ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ሆነ።

በ1973 እና በ1975 ለከተማው ምክር ቤት፣ በ1976 ለካሊፎርኒያ ምክር ቤት ተወዳድሮ ሦስቴም ተሸነፈ። በር የከፈተለት የምርጫ ደንቡ መለወጥ ነው። ቀድሞ አባላቱ በመላው ከተማ ድምፅ ይመረጡ ነበር። በ1976 መራጩ ሕዝብ ምርጫው በየወረዳው እንዲሆን ወሰነ፤ ሚልክም በ1977 በገዛ ሰፈሩ ሰዎች ድምፅ አሸነፈ።

በወንበሩ ላይ ዓመት አልሞላም። በዚያች ጊዜ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በሥራና በመኖሪያ ቤት እንዳይገለሉ የሚደነግግ ሕግ አስወጣ። ከምክር ቤቱ አባላት የተቃወመው ዳን ዋይት ብቻ ነበር። እነዚህን ዜጎች ከመምህርነት ሊያባርር የታሰበውን «ፕሮፖዚሽን 6» በመቃወም ግዛቱን ዞረ፤ ሐሳቡም በኖቬምበር 1978 በሕዝብ ድምፅ ወደቀ።

በዚያው ወር ዋይት ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቀቀ፤ ወዲያው ተጸጽቶ ይመለስልኝ አለ። ከንቲባ ጆርጅ ሞስኮኒ ሊመልሱት አልፈቀዱም። ኖቬምበር 27 ቀን የብረት መፈተሻውን ሸሽቶ በመስኮት ማዘጋጃ ቤት ገባና ከንቲባውን ገደለ፤ ሽጉጡን እንደገና አጉርሶ ሚልክን ገደለ።

ዐቃቤ ሕግ በከባድ የሰው ግድያ ከሰሰው። ተከላካዮቹ ድብርት አእምሮውን አዳክሞት ነበር ብለው ተከራከሩ። የጁሪው አባላትም በ1979 ጥፋቱን እኛ ቀላል የሰው ግድያ ወደምንለው ዓይነት ዝቅ አደረጉት፤ ቅጣቱ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። በዚያ ምሽት ሕዝቡ ማዘጋጃ ቤቱን ከበበ፣ የፖሊስ መኪናዎች ነደዱ። ዋይት አምስት ዓመት ያህል ታስሮ ወጣ፤ በ1985 ራሱን አጠፋ። ካሊፎርኒያም ያንን የመከላከያ ክርክር ከሕጓ ሰረዘች።

በመስኮት ሾልኮ የገባ፣ በመሐል ጥይት ያጎረሰ ሰው አላሰበበትም ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ሟች ማንም ይሁን ማን፣ ሚዛኑ አንድ መሆን ነበረበት። የአገራችን ሰው በፍርድ ከሄደች በቅሎው ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦው ትቆጨዋለች ይባላል። የሚልክ ነገር እንደሚያሳየው ግን፣ ሚዛኑ ሲዛባ በፍርድ የሄደችውም ታስቆጫለች።