ምልክቱን የናቁበት ካቸር፦ ፍሊትዉድ ዎከር

ዛሬ የቤዝቦል ካቸር ጭንብል አጥልቆ፣ ደረቱን ሸፍኖ፣ ትልቅ ጓንት ይዞ ነው የሚቀመጠው። ሞሰስ ፍሊትዉድ ዎከር ግን ኳስ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ በባዶ እጁ ነበር።

ዎከር እንደ እኛው የኮሌጅ ተማሪ ነበር። የኦሃዮ ልጅ የሆነው ይህ ጥቁር ወጣት እ.ኤ.አ. በ1881 ለኦበርሊን ኮሌጅ ተጫወተ፤ ቀጥሎም ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ1883 ለቶሊዶ ቡድን በክፍያ ፈረመ። በዚያው ክረምት የቺካጎው ኮከብ ካፕ አንሰን ጥቁር ከተሰለፈ አልጫወትም አለ። ዎከር እጁን ታሞ ሊያርፍ ነበር፤ አሰልጣኙ ቻርሊ ሞርተን ግን ይህን ሲሰማ በእልህ አሰለፈው። አንሰንም የመግቢያ ገንዘብ ድርሻው እንዳይቀርበት ብሎ ተጫወተ። ለገንዘብ ሲሆን ኩራቱ በረደ!

በ1884 ቶሊዶ ከዋና ሊጎች አንዱ የነበረውን አሜሪካን አሶሲዬሽን ሲቀላቀል ዎከርም አብሮ ገባ። የባሰው ነገር የመጣው ከገዛ ቡድኑ ነው። ካቸር ምን ዓይነት ኳስ እንደሚፈልግ ለወርዋሪው በምልክት ይነግረዋል። ወርዋሪው ቶኒ ሙሌን ግን ከጥቁር ሰው ምልክት አልቀበልም ብሎ ያሻውን ይወረውር ነበር። ዎከር ኳሱ በየት እንደሚመጣ ሳያውቅ፣ በዚያው በተጎዳ እጁ ይቀልባል። ሙሌን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አብረውት ከተጫወቱት ካቸሮች ሁሉ የሚበልጠው ዎከር እንደነበር አምኗል። ዘግይቶ!

ዎከር 42 ጨዋታ አድርጎ፣ በጉዳት ምክንያት ውድድሩ ሳያልቅ ተሰናበተ። ከእሱና በዚያው ዓመት ጥቂት ጨዋታ ከተሰለፈው ወንድሙ ከዌልዲ በኋላ፣ በዋና ሊግ ጥቁር ተጫዋች በይፋ የታየው በ1947 ነው፤ ጃኪ ሮቢንሰን።