በላይ ዘለቀ፦ ጠላቱን ግምጃ ቤቱ ያደረገ አርበኛ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ደጋ እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ፣ የበላይ ዘለቀ ስም በተነሣ ቁጥር ጠመንጃ አብሮ ይነሣል። ስለ ጥይቱ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። የአምስቱን ዓመት ተጋድሎ ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ትልቁ ጭንቅ ጠመንጃ ማግኘት አልነበረም፤ ለተገኘው ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ሳያቋርጡ ማግኘት እንጂ።

በላይ በ1904 ዓ.ም. ገደማ በወሎ፣ በቦረና ሳይንት ተወለደ። አባቱ ዘለቀ ላቀው የቢቸና ሰው ሲሆን የልጅ ኢያሱ ተከታይ ነበር። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዘለቀ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ዳሩ ግን ሊይዙት ከመጡ ወታደሮች ጋር ተታኩሶ ሞተ። በላይ ያን ጊዜ ሕፃን ነበር። ሲጎለምስ የአባቱን ደም ይዞ ሸፈተ፤ ከወንድሙ ከእጅጉ ጋር የዓባይን ሸለቆ ገደልና ዋሻ ለይቶ አወቀው።

በዚያ ዘመን ጥይት በገበያ ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን መገበያያ ሆኖ ያገለግል ነበር። አንድ ተኩስ ማለት ከኪስ የወጣ ገንዘብ ማለት ነው። ሽፍታ ሆኖ ያደገ ሰው ቃታ ከመሳቡ በፊት ሁለቴ ማሰቡ ከዚህም ጭምር ሳይመጣ አይቀርም።

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በላይ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ በረሃውን ምሽግ አደረገ። በገበሬው እጅ የነበረው መሣሪያ ዓይነቱ ብዙ ነበር። ውጅግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት ነው፤ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፣ ስፋቱም 11 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለሃው ናስ በመሆኑ ባሩድና እርሳስ ያገኘ ባለሙያ መልሶ ይሞላዋል፤ ጭሱ ግን ተኳሹ ያደፈጠበትን ቁጥቋጦ ያሳብቃል። ለበን 8 ሚሊ ሜትር፣ ቤልጅግ የሚባለው ማውዘር ደግሞ 7.9 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ዝናሩ የተራቆተ ሰው አጠገቡ የወደቀውን የጓደኛውን ዝናር ቢፈታ፣ ለእርሱ የምትሆን አንዲትም ላያገኝ ይችላል።

ይህ ችግር የጎጃም ብቻ አልነበረም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1873 ዊንቸስተር የተባለውን ጠመንጃ ሲያወጡ መላ አበጅተውለት ነበር። ከቃታው ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ባዶውን ቀለሃ አውጥቶ ሌላ ያጎርሳል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የኮልት ኩባንያ ያንኑ 44 ካሊበር ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ ሠራ፤ ስለዚህ አንድ ዝናር ጠመንጃንም ሽጉጥንም ይመግብ ጀመር። ብልኀቱ ግሩም ነው። ይሁን እንጂ የሽጉጥ ጥይት ቅርብ እንጂ ሩቅ አይሄድም፤ ከዓባይ አንዱ አፋፍ ወደ ማዶው ለሚተኩስ ሰው እምብዛም አይበጅም።

የበላይ ሠራዊት ለዚሁ ጥያቄ መልሱን ያገኘው ከጠላት ነው። የጣሊያን ወታደር የሚይዘው ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ይተኩሳል፤ ብሬዳ 30 የተባለው ቀላል መትረየስም ያንኑ ጥይት ይጎርሳል። መትረየስ የማረከ አርበኛ ለጠመንጃውም ማረከ ማለት ነው። ካርካኖ ስድስት ጥይት ከነብረት ማቀፊያው ይጎርሳል፤ ማቀፊያው ከጠፋ ግን አንድ በአንድ ማጉረስ ግድ ይሆናል። ስለዚህ በሠራዊቱ ፊት የነበረው ምርጫ የትኛው ጠመንጃ ይበልጣል የሚል ብቻ አልነበረም፤ ነገ ጥይቱ ከየት ይመጣል የሚል ጭምር ነበር። የስንቅ መንገድን መጠበቅና ምሽግን ማጥቃት መልሱን ይሰጡ ነበር። ያዘመተው ጠላት ጥይቱን ከባሕር ማዶ አምጥቶ እስከ ቢቸና ያደርስለታል።

ሠራዊቱ እየበዛ ሲሄድ በላይ ለተከታዮቹ እስከ ራስ የሚደርስ ማዕረግ ሰጠ። ለራሱ ግን አልጨመረም፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ከማዕረግ ሁሉ በላይ መሆኑን እንደ በቂ ቆጠረው ይባላል። በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር እየተባለ እስከ ነፃነት ድረስ ተዋጋ።

በ1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ነፃ ወጣች፤ ጃንሆይም ገቡባት። በላይ የደጃዝማችነት ማዕረግና የቢቸናን ግዛት አገኘ። ከእርሱ ያነሰ የደከሙ የበለጠ ሲሾሙ ማየቱ አስከፋው፤ ሲጠራም አልሄድ አለ። በሶማ አምባ መሸገ። እንደ እኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ውጊያ ይህ ነው፤ አሁን በፊቱ የቆመው ወገን ነውና ጥይት የሚማረከው ከወገን ሬሳ ላይ ሆነ። በመጨረሻ በሽምግልና እጁን ሰጠ።

ሞት ተፈርዶበት ወደ እስራት ተለወጠለት። ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር አምልጦ ተያዘ። በ1937 ዓ.ም. ሁለቱ፣ ከወንድሙ ከእጅጉ ጋር፣ አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጡ።