ነፃነትን አውጀው በቁም እስር ያረፉት ሱካርኖ

በኢንዶኔዥያ መዲና በጃካርታ እምብርት፣ «መርደካ» ወይም ነፃነት ተብሎ በሚጠራው ሰፊ አደባባይ መካከል፣ 132 ሜትር ከፍታ ያለው ነጭ ዓምድ ቆሟል። ሕዝቡ በአጭሩ «ሞናስ» የሚለው ይህ ብሔራዊ ሐውልት በእብነ በረድ የተሸፈነ ሲሆን፣ በአናቱ ላይ ከነሐስ ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠ ነበልባል ይታያል። ጎብኚው ከዓምዱ ሥር ወዳለው አዳራሽ ሲዘልቅ በወርቅ ያሸበረቀ በር ተከፍቶ የነፃነት አዋጁ ጽሑፍ ይገለጥለታል፤ አዋጁን የሚያነብ የአንድ ሰው ድምፅም ይሰማል። ድምፁ ሐውልቱ እንዲሠራ ያዘዙት የአገሪቱ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት የሱካርኖ ነው። እርሳቸው ግን ሐውልቱ ለሕዝብ ሲከፈት ለማየት አልታደሉም።

ሱካርኖ እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1901 በሱራባያ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጃቫ ተወላጅ መምህር፣ እናታቸው ደግሞ የባሊ ደሴት ሴት ነበሩ። በመጀመሪያ የወጣላቸው ስም ኩስኖ ሲሆን፣ በልጅነታቸው ሕመም ስለበረታባቸው እንደ አካባቢው ልማድ ስማቸው ተለወጠ። በሱራባያ ሲማሩ በዘመኑ ስመ ጥር በነበሩት የፖለቲካ መሪ በቾክሮአሚኖቶ ቤት አርፈው የአገር ጉዳይ ሲመከር እያዳመጡ አደጉ። ከዚያም ባንዱንግ ወደሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብተው በ1926 በምህንድስና ተመረቁ።

መሐንዲሱ ወጣት ግን ከግንባታ ይልቅ ትግልን መረጡ። በ1927 ብሔራዊ ፓርቲ አቋቁመው ሕዝቡን በንግግራቸው ማንቀሳቀስ ሲጀምሩ የሆላንድ ቅኝ ገዢዎች በ1929 መጨረሻ አሰሯቸው። ባንዱንግ ላይ ለፍርድ ሲቀርቡም ራሳቸውን ከመከላከል አልፈው የቅኝ አገዛዙን ሥርዓት ከሰሱ። ከዚህ እስር ቢፈቱም በ1933 ዳግመኛ ተያዙ፤ በመጀመሪያ ወደ ፍሎሬስ ደሴት፣ ኋላም ወደ ቤንግኩሉ ተግዘው እስከ 1942 ድረስ በግዞት ቆዩ።

ከግዞት ያወጣቸው የጃፓን ጦር ወረራ ነበር። ሱካርኖ ነፃነትን በማሰብ ከአዲሶቹ ገዢዎች ጋር ተባበሩ። ሆኖም ጃፓኖች ለግዳጅ ሥራ ሰው ሲመለምሉ ማገዛቸው ከስማቸው ያልተለየ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቀርቷል፤ ከተመለመሉት መካከል እጅግ ብዙዎች በረሃብና በበሽታ አልቀዋልና።

ጃፓን እጅ በሰጠች በሁለተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1945 ረፋድ ላይ፣ ሱካርኖ ከሞሐመድ ሃታ ጋር ሆነው በመኖሪያ ቤታቸው ደጅ አዋጁን አነበቡ። በዚያ ማለዳ የወባ ትኩሳት ይዟቸው ነበር። አዋጁ ከሁለት ዓረፍተ ነገሮች አይበልጥም፤ የተሰቀለውም ሰንደቅ ዓላማ ባለቤታቸው ፋትማዋቲ በእጃቸው የሰፉት ነበር። ዛሬ በሐውልቱ አዳራሽ የሚሰማው ድምፅ የዚያን ዕለት የተቀዳ ሳይሆን፣ ሱካርኖ ከዓመታት በኋላ አዋጁን በራዲዮ ጣቢያ ዳግመኛ ሲያነቡ የተቀረጸ ነው። ሆላንድ ነፃነቱን የተቀበለችው አራት ዓመት ከፈጀ ጦርነትና ድርድር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1949 ነበር።

በሚያዝያ 1955 ሱካርኖ 29 የእስያና የአፍሪካ አገሮችን በባንዱንግ ሰብስበው አስተናገዱ። ኢትዮጵያም ከተሳታፊዎቹ አንዷ ነበረች። ብዙዎቹ የአፍሪካ ሕዝቦች ገና ነፃ ባልወጡበት በዚያ ዘመን ጉባኤው ታላቅ ተስፋን የዘራ ነበር።

የሐውልቱ ሥራ በ1961 በነፃነት በዓል ዕለት ተጀመረ። ንድፉን ያወጡት ፍሬድሪክ ሲላባንና ሱዳርሶኖ ናቸው። ክርስቲያኑ ሲላባን በአደባባዩ አጠገብ የሚገኘውን፣ ስሙ በዓረብኛ ነፃነት ማለት የሆነውን የኢስቲቅላል መስጊድም ነድፈዋል። ሐውልቱን ከሩቅ ሲያዩት ሙቀጫ ውስጥ የቆመ ዘነዘና ይመስላል። ልኬቱም የነፃነቱን ቀን ያስታውሳል፤ የመድረኩ ከፍታ 17 ሜትር፣ የሙዚየሙ ከፍታ 8 ሜትር፣ የመድረኩ ጎን ደግሞ 45 ሜትር ነው። ነገር ግን ነበልባሉ በወርቅ ሊለበጥ በታሰበበት በዚያ ዘመን ሕዝቡ ሩዝ ለመግዛት ይሰለፍ ነበር፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ የዋጋ ንረቱ ከ600 በመቶ በላይ ደረሰ።

ነፃነትን ያወጁት መሪ በ1963 የዕድሜ ልክ ፕሬዝዳንት ተብለው ተሰየሙ፤ ተቃዋሚዎቻቸውም ይታሰሩ ነበር። በ1965 ከፍተኛ ጄኔራሎች የተገደሉበት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ጦሩ በኮሚኒስትነት በተጠረጠሩት ላይ ዘመተ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተገደሉ። ሱካርኖ እልቂቱን ሊያስቆሙ አልቻሉም። በ1967 ሥልጣናቸው ለጄኔራል ሱሃርቶ ተላልፎ እርሳቸው የቁም እስረኛ ሆኑ። በቂ ሕክምና ሳያገኙ የኩላሊት ሕመም ጸናባቸውና ሰኔ 21 ቀን 1970 በ69 ዓመታቸው አረፉ። ከመዲናዪቱ ርቃ በምትገኘው በብሊታር ከተማ፣ ከእናታቸው መቃብር አጠገብ ተቀበሩ።

ሐውልቱ በሐምሌ 1975 ለሕዝብ ተከፈተ። መንግሥት ሱካርኖን ብሔራዊ ጀግና ብሎ የሰየማቸው ግን ገና በ2012 ነው። ዛሬ ጎብኚዎች በአሳንሰር 115 ሜትር ወጥተው ከተማዪቱን ቁልቁል ይመለከታሉ። ከላይ የሚታየው ወርቅ የአንድን ሕዝብ ድል ያበሥራል፤ ከታች በአዳራሹ የሚሰማው ድምፅ ግን የሁለት የተለያዩ መንግሥታት እስረኛ የነበረ ሰው ድምፅ ነው። አንደኛው እስር የባዕዳን ነበር፤ ሁለተኛው ራሳቸው ነፃ ባወጡት አገር ደረሰባቸው።