ጎርዶን ፓሻ፥ የሱዳን ጠቅላይ ገዥ

ካርቱም ጥቁርና ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በግብጽ መንግሥት ዘመን እዚያ ተቀምጠው ሱዳንን ካስተዳደሩት ሹማምንት ሁሉ ስሙ ይበልጥ የታወቀው እንግሊዛዊው ቻርልስ ጆርጅ ጎርዶን ነው። ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ጎርዶን በ1833 ዓ.ም. በዉልዊች ተወለደ። በመሐንዲስ ጦር ገብቶ በክሪምያ ተዋጋ፤ ኋላም በቻይና የጦር አዛዥ ሆኖ ዝናን አተረፈ። ወደ አገሩ ተመልሶ በግሬቭሴንድ ምሽግ ሲያሠራ፥ በትርፍ ጊዜው የድኻ ልጆችን እየሰበሰበ ያስተምር፥ ያለብስ፥ ሥራም ያስይዝ ነበር።

በ1874 ዓ.ም. የግብጹ ኸዲቭ እስማኤል በላይኛው ነጭ ዓባይ ለምትገኘው ለኢኳቶሪያ ገዥ አደረገው። አሥር ሺህ ፓውንድ ደመወዝ ቢቀርብለት ከሁለት ሺህ በላይ አልቀበልም አለ። በ1877 ዓ.ም. የመላው ሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆነ። በዚያው ዓመት ጥቂት አጃቢዎች ብቻ አስከትሎ፥ በግመል ተቀምጦ፥ በዳርፉር ወደ ሰፈሩት ባሪያ ነጋዴዎች መካከል በድፍረት ገባ። አለቃቸው ሱሌይማን የዙበይር ልጅ ለጊዜው ገባለት፤ ኋላ ግን ሸፈተ፤ በ1879 ዓ.ም. በጎርዶን መኮንን እጅ ተይዞ ተገደለ።

በዚሁ ዓመት ጎርዶን ወደ ደብረ ታቦር መጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ ፊት ቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱ የግብጽን ጦር በጉንደትና በጉራዕ ድል ነሥተው ነበርና፥ ቦጎስና የባሕር በር እንዲመለስላቸው ጠየቁ። መልእክተኛው ግን ይህን ለመስጠት ሥልጣን አልነበረውም፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጥቂት ቈይቶም ሹመቱን ተወ። እርሱ ከሄደ በኋላ ያዳከመው የባሪያ ንግድ እንደ ገና አንሰራራ።

መሐዲው ሙሐመድ አሕመድ በተነሣ ጊዜ፥ እንግሊዞች የግብጽን ጦር ከሱዳን እንዲያስወጣ በ1884 ዓ.ም. ጎርዶንን መልሰው ላኩት። በካርቱምም ባሪያ በመያዝ ማንም እንደማይነካ ዐዋጅ አስነገረ፤ ያን ስመ ጥር የባሪያ ነጋዴ፥ የሱሌይማንን አባት ዙበይርን ተተኪው አድርገው እንዲልኩለትም ለመነ። መንግሥቱ ግን እንቢ አለ። በገዛ ክንዱ ብቻ የሠራ ሰው፥ ክንዱ ሲዝል የቀድሞ ጠላቱን እንዲያ ተማጠነ።

በመጋቢት ወር ካርቱም ተከበበች። በሰኔ ደግሞ በዐድዋ በተደረገው ውል፥ ኢትዮጵያ በሱዳን ጠረፍ የተከበበው የግብጽ ጦር በምድሯ አልፎ እንዲወጣ ተስማማች፤ ጎርዶን በደብረ ታቦር ሊሰጥ ያልቻለው ቦጎስም ተመለሰላት። ውሉ ግን ከድርቡሾች ጋር አጋጫት፤ ዐፄ ዮሐንስም በ1889 ዓ.ም. በመተማ ወደቁ።

ጎርዶን በጥር 26 ቀን 1885 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማይቱን ጥሰው ሲገቡ ተገደለ። ረዳት ጦሩ የደረሰው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር።

እንግሊዞች ለመታሰቢያው በካርቱም ኮሌጅና ሐውልት አቆሙ። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ሐውልቱ ተነሥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1902 ዓ.ም. የተከፈተው ኮሌጅ ግን ስሙን ለውጦ በ1956 ዓ.ም. የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ጎርዶን ጀግናና ገንዘብ የማይወድ ሰው እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን መልካም ሥራው ሁሉ በእርሱ በአንዱ ላይ ቆሞ ነበርና፥ እርሱ ሲለይ ፈረሰ። ለሌላ ሰው የተላለፈ ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር አይቀበርም፤ መምህር ከዚህ ገዥ ሕይወት የሚማረው ይህን ነው።