ፍሎረንስን ከባዶ ግድግዳ ያተረፈች ልዕልት

በፍሎረንስ ከተማ የኡፊዚ ሙዚየም በር ላይ ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቅ ጎብኚ ቦቲቼሊን ወይም ሊዮናርዶን ያስብ ይሆናል እንጂ አና ማሪያ ሉዊዛ ደ ሜዲቺ የምትባል ሴት ትዝ አትለውም። ሥዕሎቹ ዛሬም እዚያው የተገኙት ግን በእርሷ ብልሃት ነው።

አና ማሪያ ሉዊዛ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1667 ነው። አባቷ የቶስካና ታላቅ መስፍን ኮሲሞ ሣልሳዊ ነበር። ፈረንሳዊቷ እናቷ ትዳሩን ጠልታ በ1675 ልጆቿን ጥላ ወደ ፓሪስ ስትመለስ ልጅቷ ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላትም። በ1691 በጀርመን የፓላቲኔት ገዢ የነበረውን ዮሃን ቪልሄልምን አግብታ ዱሰልዶርፍ ገባች። ባሏ ሥዕል ወዳድ ነበር፤ በተለይ የሩበንስን ሥራዎች በብዛት አሰባስቧል። ልጅ ግን አላገኙም። በ1716 ሲሞትባት በዓመቱ ወደ አባቷ አገር ተመለሰች።

የተመለሰችበት ቤት ሊዘጋ የተቃረበ ቤት ነበር። ታላቅ ወንድሟ ፈርዲናንዶ በ1713 ወራሽ ሳይተካ ሞቷል፤ ታናሽየው ጃን ጋስቶኔም ልጅ የለውም። አባትየው ሥልጣኑ ለሴት ልጁ እንዲተላለፍ ብዙ ቢደክምም የአውሮፓ ኃያላን አልተቀበሉትም። ይባስ ብለው የሜዲቺን ቤተሰብ ሳያማክሩ ቶስካናን ለሎሬኑ ፍራንሲስ ሰጡት። በ1737 ጃን ጋስቶኔ ሲሞት ቤተሰቡን የምትወክለው ይህች ወደ 70 ዓመት የተጠጋች ባልቴት ብቻ ሆነች።

ግዛቱ ቢያመልጣትም የቤተሰቡ ንብረት በእጇ ነበር። ሜዲቺዎች በሦስት መቶ ዓመት ያከማቹት ሥዕል፣ ሐውልት፣ መጻሕፍትና ጌጣጌጥ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሥርወ መንግሥት ሲያከትም ሀብቱም አብሮ መበተኑ የተለመደ ነበር። የማንቱዋ ጎንዛጋዎች ሥዕሎቻቸውን ለእንግሊዙ ቻርልስ ቀዳማዊ ሸጠዋል፤ የፓርማ ፋርኔዜዎች ስብስብም ተጭኖ ኔፕልስ ገብቷል።

አና ማሪያ ሉዊዛ ኦክቶበር 31 ቀን 1737 ከፍራንሲስ ጋር ውል ተዋዋለች። ሁሉንም ለአዲሶቹ ገዢዎች ትሰጣለች፤ ነገር ግን ከከተማዋና ከግዛቱ አንዳች ነገር አይወጣም። ምክንያቱም በውሉ ላይ ሰፍሯል፤ ለአገሪቱ ጌጥ፣ ለሕዝብ ጥቅም፣ የባዕድ አገር ሰዎችንም ለመሳብ። ቱሪዝም የሚለው ቃል ገና ባልተፈጠረበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል! ውሉ ፈጽሞ አልተጣሰም ማለት አይደለም፤ ዝነኛው የፍሎረንስ አልማዝ ቪየና ገብቷል። ዋናው ሀብት ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ልዕልቲቱ ቀሪ ዘመኗን በፒቲ ቤተ መንግሥት አሳለፈች፤ የአባቶቿ መቃብር ላለበት ለሳን ሎሬንዞ ቤተ ክርስቲያን ግንባታም ከኪሷ ስታወጣ ቆይታ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1743 አረፈች። ኡፊዚ ለሕዝብ የተከፈተው ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1769፣ በፍራንሲስ ልጅ በፒየትሮ ሊዮፖልዶ ዘመን ነው።

የባሏ ስብስብ ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ አላገኘም። በ1805 እና በ1806 ከዱሰልዶርፍ ወደ ሙኒክ ተወሰደ። የሩበንስ ትልቁ የማርያም ዕርገት ሥዕል ብቻ ለማጓጓዝ ስላስቸገረ እዚያው ቀረ።

ወደ ፍሎረንስ ብቅ የሚሉ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በኡፊዚ ኮሪደር ወደ ላይ ቀና ቢሉ የሚያውቁት ሰው አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ ለኮሲሞ ቀዳማዊ ከሣላቸው የታላላቅ ሰዎች ምስሎች መካከል አንዱ የአፄ ልብነ ድንግል ነው።